ከዙሁር በፊት፣ ከዙሁር በኋላ

ሐኪሙ «ቀላል ነው» አለኝ። አባቴን በሚኒባስ ወልድያ ድረስ ወስጄ፣ ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጠን፣ የሰዓት ሥዕል ሣል፣ እነዚህን ቃላት ያዝ፣ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ቀንስ ሲባል ከዋለ በኋላ ነው ይህን ያለኝ። ራሱን ችሎ ይበላል፣ ይለብሳል፣ መንገዱን ያውቃል። የማስታወስ ችሎታው ከዕድሜው በላይ ደክሟል እንጂ ገና ከባዱ ደረጃ ላይ አልደረሰም፤ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል። አባቴ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ያ ልጅ ሰዓት ማንበብ አይችልም እንዴ፣ እኔን ሣልልኝ የሚለኝ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀ። እኔም ስቄ ቆቦ ገባሁ። ያችን «ቀላል» የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደረገምኳት የማውቀው እኔ ነኝ። ለማን ነው ቀላል?

ሐኪሙ ምክርም ሰጥቶኛል። የለመደውን ሥራ አትቀሙት፣ ከሰው አታርቁት፣ ይንቀሳቀስ፣ ይጫወት፣ ሲሳሳት አትከራከሩት። «አትቀሙት» ሲል ብዙ ሰው ያለን መስሎት ይሆናል። ወንድሜ ደሴ ነው፣ እህቴ ጅዳ ናት። እኔ ትዳሬ ፈርሶ ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩ ጊዜ ሁለቱም ተደዋውለው ደስ አላቸው። «አንቺ እኮ ቤት ነሽ» አሉኝ። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ከጠዋት እስከ ማታ ቀሚስና ዩኒፎርም መስፋቴ ለእነሱ ቤት መሆን ነው።

ቀኑ እንዲህ ነው የሚያልፈው። አባቴ የአስርን፣ የከሰዓት በኋላውን፣ ሰላት ይሰግዳል፤ መስገጃውን አጥፎ ያስቀምጣል፤ ትንሽ ቆይቶ «ሰግጃለሁ እንዴ?» ይለኛል። ሰግደሃል እለዋለሁ። «እርግጠኛ ነሽ?» ይላል። እርግጠኛ ነኝ እለዋለሁ። «ሁለቴ ቢሰገድ ምን ይጎዳል» ብሎ ውዱእ ሊያደርግ ይነሳል። በዚህ አልናደድም፤ ሰላት ነው። የሚያቃጥለኝ የቁልፉ ነገር ነው። የእህል ጎተራውን ክፍል ቁልፍ ሌባ እንዳያገኘው ብሎ ይደብቃል፤ ከዚያ ራሱም አያገኘውም። ረሳሁት ብሎ አያውቅም። «ሰው አነሳው» ነው የሚለው። እዚህ ቤት ውስጥ ከእሱና ከእኔ በቀር ሰው የለም፤ ስለዚህ ሰው ማለት እኔ ነኝ። ቁልፉ ከማሽላው ጆንያ ውስጥ፣ ከፍራሹ ሥር፣ አንዴም ከራሱ ጫማ ውስጥ ወጥቷል። ባገኘሁት ቁጥር፣ የት ደብቀሽው እንደነበር ታውቂያለሽ በሚል ዓይን ያየኛል።

ይህን ለሰው ብናገር የሚያምነኝ የለም። ምክንያቱ ሰላምታው ነው። የራያ ሰላምታ ረጅም መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቆ፣ አልሐምዱሊላህ እየተባባለ፣ ሲያበቃ ደግሞ ከመጀመሪያው ይደገማል። በዚህ ሁሉ መሐል የሰውየውን ማንነት ማወቅ የግድ አይደለም። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ እጅ ስሞ፣ ትከሻ ገጭቶ፣ አንድም ሳያዛንፍ ይወጣዋል። እንግዳው ደስ ብሎት ይሄዳል። በሩ ሲዘጋ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማነው ይሄ?» ይለኛል።

ከእህቴም ጋር እንዲሁ ነው። በስልክ ሰላም ይላታል፣ ይመርቃታል፣ ያስቃታል። ከዚያ ስልኩን ስቀበል «ወላሂ አባዬ ምንም አልሆነም፤ አንቺ ነሽ የምታካብጂው፣ ደክሞሽ ነው» ትለኛለች። ወንድሜም ለአረፋ መጥቶ ሁለት ቀን አድሮ ይህንኑ አለኝ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። በዓሉ አልፎ ወንድሜ በተመለሰ ማግስት አባቴ «ሙክቱን ማን ውሃ አጠጣው?» አለኝ። ለአረፋ ያረደው እሱ ራሱ ነበር። ስነግረው ትዝ አለውና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን የውሃው ነገር ነበር። በእኛ ቆላ ዝናብ ላይ ብቻ ተማምኖ የሚያርስ የለም። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው ደረቁ ወንዝ ላይ በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ግድብ ሠርቶ ይጠልፈዋል፤ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። ጎርፍ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። ሲመጣ ተራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ ሰው በአካፋ ይጋደላል። ለዚህ ነው የውሃ አባት የሚመረጠው። አባቴ ጉልበቱ እስኪደክም ድረስ የውሃ አባት ነበር። ከተወም በኋላ ተራ ያጣላቸው ሰዎች ከሮቢት በኩልም፣ ከዋጃ በኩልም እሱን ብለው ይመጣሉ፤ የትኛው ክርክር በየትኛው ክረምት እንዴት እንደተፈታ የሚያስታውሰው እሱ ነው ተብሎ ነው። የሚያስታውሰው እሱ ነው። ይህን እየሰማሁ ጥርሴን ነክሼ ጨርቅ እቆርጣለሁ።

ባለፈው ሰኔ ሁለት ሰዎች መጡ። ማሳቸው በአንድ ቦይ ላይ ነው፤ የአንዱ ከላይ፣ የሌላው ከታች። ደንባቸው አንድ ዓመት የላይኛው ቀድሞ እንዲያጠጣ፣ በሚቀጥለው የታችኛው እንዲቀድም ነው። ባለፈው ክረምት ተራው የላይኛው ነበር። ጎርፉ መጥቶ ገና ማሳውን ሳያጋምስለት ግድቡን ጥሶ በወንዙ ነጎደ። ዘንድሮ የታችኛው «ዓመቱ የእኔ ነው» አለ። የላይኛው «ተራዬን ጎርፍ በላው እንጂ መቼ አጠጣሁና» አለ። ከመምጣታቸው በፊት አንድ ጊዜ ተደባድበዋል፤ የታችኛው ክንዱን በጨርቅ ጠምጥሞ ነበር። የላይኛው ሰውዬ ወንድሞች መሣሪያ እንዳላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ሰማቸውና «አብሽሩ፣ ይፈታል» ብሎ ቀን ቆረጠላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ለሰዎቹ አባቴ ይረሳል ብላቸው አባቴን ቆቦ ላይ ቀበርኩት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ እሱ አይመጣም፣ ሐኪሙም ከሰው አታርቁት ብሏል። ዝም ብል ደግሞ በተሳሳተ ፍርድ ሰው ሊሞት ነው። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «አንቺ እዚያ ነሽ፣ እንደሚሆን አድርጊው» አለኝ። እህቴ ዱአ አደርጋለሁ አለች።

ከአባቴ ጋር በሽምግልና የሚቀመጠው የልጅነት ጓደኛው ነው። ቤተሰቦቹ ከአላማጣ በኩል የመጡ ክርስቲያን ናቸው፤ እኔን ዛሬም «ጓለይ» ነው የሚለኝ፣ በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው። ሱቁ ድረስ ሄጄ ጉዳዩን ነገርኩት። እንደሚያውቅ ዓይኑን አይቼ ገባኝ። ከእኔ ቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም። «እኔ አለሁ አይደል ጓለይ፣ ከሳተ እመልሰዋለሁ» አለኝ። እፎይ ብዬ ተመለስኩ። ብቻ ሽምግልናው እኛ ግቢ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር እንዲሆን ለመንኩ፤ ለአባቴ መንገዱ ይደክመዋል ብዬ ነው። እውነቱ ግን ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ሁሉንም እንድሰማ ነበር።

በቀኑ አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽርጡን አስተካክሎ፣ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ዱአ አደረገ። ጓደኛውም በራሱ ሃይማኖት አሜን አለ። ሁለቱ ሰዎች ተራ በተራ ተናገሩ። አባቴ ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ በከዘራው ጫፍ አፈሩን ቀስ እያለ ይነካካል። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ጥያቄዎቹ አንድም አልባከኑም፤ ግድቡ የተጣሰው በየት በኩል ነበር፣ ሲጣስ ማን ማን ነበረ፣ ውሃው ስንተኛው ትልም ድረስ ደረሰ እያለ ጠየቀ። እኔ መርፌዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ምን ሆኜ ነው ይህን ሰው በሽተኛ ያልኩት ብዬ ራሴን ታዘብኩ።

ከዚያ ፈረደ። «ተራ የሚቆጠረው ማሳ ሲጠጣ ነው፤ ውሃ አጠገቡ ስላለፈ አይቆጠርም» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊትም ገጥሞት እንደነበር ተረከ። ዘንድሮ የላይኛው ያጋመሰውን ይጨርስና ከዚያ የታችኛው ይቀጥላል። የታችኛው ከፋው፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። መሐላውና ምርቃቱ ከሰላት በኋላ ይሁን ተባለ። ዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት፣ ስለደረሰ ሙስሊሞቹ ወደ መስጊድ ሄዱ፤ ጓደኛው እዚያው ጥላ ሥር ቀረ። ሻይ ሰጠሁት። ሁለታችንም ፊታችን በርቶ ነበር። «አየሽው?» አለኝ።

ተመለሱ፣ ተቀመጡ። አባቴ የምርቃቱን ቃል ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፍቶ አፈሩን በከዘራው መነካካት ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሁለታችሁንም ሰምቻችኋለሁ» አለ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። «ጎርፍ የአላህ ነው። ግድብ ቢጥስ የማንም ዕዳ አይደለም፤ ያመለጠህን ውሃ ከጎረቤትህ ማሳ ላይ አትሰበስበውም። ዓመት ሲዞር ተራም ይዞራል» አለ። ለዚህም ከድሮው አንድ ክርክር ጠቀሰ። ዘንድሮ ቀድሞ የሚያጠጣው የታችኛው ሆነ። ፍርዱ ከቅድሙ አላነሰም፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

የላይኛው ዱላውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። የታችኛው ደግሞ የአባታችን የመጨረሻው ቃል ይሄ ነው ብሎ መሬቱን መታ። እኔ ጓደኛውን አየሁ። ቃል ገብቶልኛል። ከሳተ እመልሰዋለሁ ብሎኛል። ጓደኛው ከሻይ ብርጭቆው ውስጥ የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ይመስል አቀርቅሯል። ጠበቅሁት። ኧረ ተናገር እያልኩ በልቤ ለመንኩት። አልተናገረም። በሕይወቴ ሰው ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ ለእኔ ነው የሚቀረው፤ ቤት ነኛ።

ተነስቼ ቁርቁራው ሥር ሄድኩ።

«አባቴ ይረሳል» አልኩ። «ሐኪም አይቶታል። ከዙሁር በፊት ለአንዱ ፈርዶ አሁን ለሌላው የፈረደው ቅድም መፍረዱን ስለረሳው ነው። የቅድሙንም ያሁኑንም አትያዙበት፤ ሌላ ሽማግሌ ጨምራችሁ እንደገና ተነጋገሩ።»

አባቴ መጀመሪያ ጓደኛውን አየ፤ ያኛው ዓይኑን ሰበረ። ያኔ አባቴ ገባው። ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ሌላው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ፣ «በሰው ፊት አራቆትሽኝ» አለኝ። ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሰዎቹ ሌሎች ሽማግሌዎች ጨምረው በማግስቱ ተስማሙ። የመጀመሪያው ጎርፍ ቦይ ላይ ለሁለት ተከፍሎ እኩል ይድረሳቸው፣ ከከርሞ ጀምሮ ወደ ደንባቸው ይመለሱ ተባለ። ደም አልፈሰሰም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እያለ ያማኝ ሰው ግን አልጠፋም። ጓደኛው መጥቶ አንደበቴ ተያዘ አለኝ፤ ሱቅህ ደንበኛ ይጠብቅሃል ብዬ ሸኘሁት። እህቴ ጉዳዩን ሰምታ «ምነው ለብቻው ጠርተሽ ብትነግሪው?» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

አባቴ ግን አኮረፈኝ። ያቀረብኩለትን ሳይነካ ይቀራል፤ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቁልፉን ማን አነሳው፣ ሰገድኩ ወይ፣ ገበያ ነው ወይ የሚለው ሁሉ ቀረ። ያ የጠላሁት ጥያቄ ናፈቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ዝምታው ግን የባሰ ነበር። እኔም አኮረፍኩ። ምን አደረግሁ? እውነት ተናገርኩ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኩርፈኞች ሆነን ሰነበትን።

ከሰሞኑ በአንዱ ጠዋት ከበረንዳው ጠራኝ። ተቀመጪ አለኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ካንቺ ተቀይሜያለሁ» አለኝ። «በምን እንደሆነ ጠፋኝ። ልቤ ግን እንደከፋው ነው።»

ወጡ ጨው በዝቶበት ነው ልለው እችል ነበር። ይቀለኝ ነበር፤ ለእሱም። አላህ ይወቀው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሱ ቀጠለ፤ በእኛ ደንብ የበደለ ሰው በደሉን በራሱ አፍ ይናገራል፣ ከዚያ ይዳኛል አለኝ። አንገቱን ደፍቶ በከዘራው ወለሉን መነካካት ጀመረ።

ነገርኩት። ስለ ሁለቱ ሰዎች፣ ስለ ቦዩ፣ ከዙሁር በፊት ስለፈረደው፣ ከዙሁር በኋላ ስለፈረደው፣ ተነስቼ ስላልኩት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ከዚያ ስለ ሌላ ሰው እንደሚጠይቅ አድርጎ፣

«ሰውየው እውነት ይረሳል?» አለኝ።

«ይረሳል አባዬ።»

«ዝም ብትይ ሰው ይሞት ነበር?»

«ሳይሞት አይቀርም ነበር።»

ከዘራውን አነሳ። «እንግዲያ በደል የለብሽም» አለ። «ደም የሚያስቀር ቃል አባትም ላይ ይነገራል። ዝም ያለው ነው የበደለ።» ከዚያ ውሃው ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኩል ተካፈሉት አልኩት። ጥሩ ፍርድ ነው፣ ማን ፈረደው አለ። ቁርሱን ሙሉውን በላ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ፤ የጀመርኩትንም ቀሚስ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

ዙሁር ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። በአጠገቤ አልፎ ሄደና ከቁርቁራው ሥር ቆመ። ከዚያ ተመልሶ መጣ።

«ካንቺ ተቀይሜያለሁ መሰለኝ» አለኝ። «በምንድን ነው?»

የስፌት መኪናውን ፔዳል እንደረገጥኩ ቀረሁ። ልጮህ ነበር። ቅድም ነግሬሃለሁ፣ ቅድም ዳኝተኸኛል፣ ቅድም በልተሃል ብዬ ልጮህበት ነበር። እሱ ግን በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ በከዘራው መሬቱን መነካካት ጀምሯል። እየጠበቀኝ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኩት። አሁን አጠር አድርጌ ነው፤ ድምፄም ደርቆ ነበር። እሱ ግን እንደ ጠዋቱ በጥሞና ሰማኝ። ሰውየው እውነት ይረሳል ወይ አላለም። ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ከቁርቁራው?»

«ቅርብ ነው።»

«ታዲያ ‹አባዬ፣ አንዴ ለጉዳይ ና› ብለሽ ወደ ቤት ብትጠሪኝ እመጣ ነበር ወይስ አልመጣም?»

«ትመጣ ነበር።»

«እውነቱን በጆሮዬ ብትነግሪኝ፣ እኔው ራሴ ወጥቼ ደክሞኛል፣ ሌላ ሽማግሌ ጨምሩ እላቸው ነበር። ደሙም ይቀር ነበር፣ እኔም እንደለበስኩ እቀር ነበር» አለ። «በድለሻል ልጄ።»

የጠዋቱም ፍርድ ልክ ነበር፤ ይሄም ልክ ነው። ተነስቼ ጉልበቱን ያዝኩ።

«አፉ በለኝ አባዬ» አልኩት።

«አፉ ብያለሁ» አለኝ። ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ ቀና ብሎ የአስር ሰላት ደርሶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና ነው አልኩትና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ጠዋት በነጻ እንዳሰናበተኝ አልነገርኩትም።